ወታደሩ ከበር ሲነሣ የሚቀረው፦ የሃይማኖት ሰዎች ተጽዕኖ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ሲታይ

«በታሪክ እጅግ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደሩ የሃይማኖት ሰዎች እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ በተማረው ከተሜ መካከል በተነሣ ቁጥር መልሱ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ተገልብጦ ይመጣል። አሜሪካዊው ማይክል ሃርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው የመቶ ሰዎች ዝርዝር ነቢዩ መሐመድን አንደኛ፣ ኒውተንን ሁለተኛ፣ ኢየሱስን ሦስተኛ አድርጎ ካስቀመጠ ወዲህ ክርክሩ በየካፌው አልተቋረጠም። አንዱ በተከታይ ብዛት ይለካል፤ ሌላው በተገዛ አገር ስፋት፤ ሦስተኛው የራሱን ሃይማኖት አባት አንደኛ ካላደረገ በቀር ቡናውን አይጨርስም። እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የሃይማኖት መሥራቾችን እንደ እግር ኳስ ቡድን በደረጃ መደርደር ለማንም የሚጠቅም አይመስለኝም።

ይልቁንስ ጥያቄውን ወደ ቤታችን ላምጣው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ የሚደርሰውን አገር እናስብ። ከቡሬ አንዱ መንገድ ወደ ኮሶበርና ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ይሄዳል። በዚህ አገር የሚኖረው ገበሬ ቅዳሜን ለምን ያከብራል? ልጁን ለምን ከቤት አውጥቶ ለየኔታ ይሰጣል? ጳጳስ ያዘዘውን ትቶ መነኩሴ የተናገረውን የሚይዝበት ጊዜስ ለምን ይመጣል? ተጽዕኖ ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መለኪያዬም አንድ ነው፦ ነጋሪቱ ዝም ብሎ፣ ወታደሩ ከበሩ ተነሥቶ፣ ንጉሡም አልፎ ሕዝቡ ሳይገደድ የያዘው ምንድን ነው?

አዋጅና ማስተማር

ክርስትና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በኩል ስለ ሆነ «መለኪያህ ገና ከመነሻው ወደቀ» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። የጢሮሱ ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያው በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ ተመለሰ፤ ንጉሥ ዒዛናም በሳንቲሙ ላይ መስቀል ቀረጸ። እውነት ነው። ነገር ግን ሳንቲም ላይ የተቀረጸ መስቀል ገበሬ ቤት አይገባም። ሃይማኖቱን ወደ ገጠር ያወረዱት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡት፣ ገዳም የመሠረቱትና መጽሐፍ የተረጎሙት ተሰዓቱ ቅዱሳን ናቸው። ከእነርሱም ጋር ዜማውን ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተው ቅዱስ ያሬድ አለ። ንጉሡ በሩን ከፈተ፤ ቤቱን የሠሩት ግን መምህራን ናቸው።

የዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ ነው። ይህ ንጉሥ ከነገሥታቱ ሁሉ ይልቅ ራሱ የሃይማኖት ሊቅ ነበር ማለት ይቻላል። ክርስቲያኑ ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዱ ሰይጣንን የሚክድ ቃል ጽፎ እንዲሄድ አዘዘ። የእመቤታችን ተአምር በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብና በዓላቷ እንዲከበሩም አዘዘ። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ትእዛዞች ናቸው። የግንባሩ ጽሕፈት ከንጉሡ ጋር ተቀበረ፤ የተአምረ ማርያም ንባብ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው የሚፈለገው በንጉሡ ሰላይ ፊት ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ግን ወላድ እናት፣ ዝናብ የቀረበት ገበሬና ልጁ የታመመበት አባት ለገዛ ጭንቀታቸው ፈለጉት። አዋጅ የሚዘልቀው ሕዝቡ የራሱ ሲያደርገው ብቻ ነው።

ከአርመን እስከ ዳሞት

አሁን ወደ አንድ መነኩሴ ልለፍ። አባ ኤዎስጣቴዎስ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በትግራይ ተወለዱ። ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር ብለው አስተማሩ። በዚህም ከእስክንድርያ ሥርዓት ጋር ተጋጩ፤ ተነቀፉ፤ አገር ለቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አልፈው እ.ኤ.አ. በ1352 ገደማ በአርመን ምድር አረፉ። በዚያን ዕለት ለተመለከታቸው ሰው እኚህ አረጋዊ የተሸነፉ ስደተኛ ነበሩ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ወደ አገር ተመልሰው ገዳም መሠረቱ። ከሹመትና ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ እየተሳደዱ ትምህርቱን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው አሻገሩት። መነኩሴው ካረፉ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ዘርዐ ያዕቆብ የቅዳሜን ሰንበትነት አጸደቀ። የተሰደደው ሰው ትምህርት የመንግሥት ሕግ ሆነ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ንጉሥ ያጸደቀው ነው ሊባል ይችል ነበር። ፈተናው የመጣው ግን ከ170 ዓመት በኋላ ነው፤ ቦታውም የእኛው ዳሞት ነው።

በዓባይ ምንጭ በግሽ ዓባይ ሰከላ ሁለት የሃይማኖት ሰዎች ስም ይነሣል። አንደኛው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው። ይህ ሰው በየመን ለዓመታት ታስሮ ከተፈታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን ገባ። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ በጠባዩ ለስላሳ፣ በክርክሩ ብልህ ነበር፤ የኢትዮጵያንም ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ ጻፈ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 የዓባይን ምንጭ አየ። የአውሮፓ መጻሕፍት ስሙን ከዚያ ምንጭ ጋር ያነሣሉ፤ ከእርሱ በኋላ በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም ክብሩን ለራሱ ለማድረግ ብዙ ቀለም አፍስሷል። የሰከላን ገበሬ ስለ ምንጩ ብትጠይቁት ግን የሚነግራችሁ ስለ ፓኤዝም ስለ ብሩስም አይደለም። የሚነግራችሁ ስለ አቡነ ዘርዐ ቡሩክ ነው፤ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ውኃው ሳያርስ መለሰላቸው ተብሎ ስለሚተረክላቸው ጻድቅ። በጥር ወር ለበዓላቸው ወደዚያ የሚጎርፈውም ሕዝብ ካርታ ሊያነብ አይሄድም። አገሩን ማን «አገኘው» የሚለው የእንግዳው ጥያቄ ነው፤ የባላገሩ ጥያቄ ማን ባረከው የሚል ነው።

ይሁንና ፓኤዝን አሳንሼ ማየት አልፈልግም። ንጉሥ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ያዘነበለው የእርሱ ትዕግሥት ነው። ከንጉሡም አስቀድሞ የንጉሡ ወንድም የጎጃም ገዥ ራስ ስዕለ ክርስቶስ ካቶሊክ ሆነ። ንጉሡ እምነቱን በይፋ የገለጠው ፓኤዝ ባረፈበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1622 ነው። አንድን ንጉሥና አንድን ራስ ማሳመን ተጽዕኖ ከሆነ ከፓኤዝ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ግን ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1620 ገደማ የቅዳሜን መከበር የሚከለክል አዋጅ ባወጣ ጊዜ የሆነውን ተመልከቱ። በዳሞት ገበሬው ከመነኮሳት ጋር ተነሣ። ዘመተበት ያ የካቶሊኩ ራስ ስዕለ ክርስቶስ ነው፤ በጦርም ሰበረው። ብዙ መነኮሳትና ገበሬዎች በዚያ ጦርነት ወደቁ። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ገበሬዎች ውስጥ አባ ኤዎስጣቴዎስን ያየ አልነበረም፤ አብዛኛው ፊደል የቆጠረ አልነበረም፤ አርመን የምትባል አገር የት እንዳለች የሚያውቅም አልነበረም። በ270 ዓመት ርቀት በባዕድ ምድር ያረፈ መነኩሴ ያስተማረውን ቅዳሜ ግን ከነፍሳቸው አስበልጠው ያዙት። የተጽዕኖን ትርጉም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ቀሪው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓኤዝ በትዕግሥት የያዘውን በትእዛዝ ሊጨርሰው ፈለገ። ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ ይባረኩ አለ። አመፅ በአመፅ ላይ ተነባበረ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የላስታን አማፅያን ድል ነሣ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ በሺህ የሚቆጠር የገዛ ሕዝቡን ሬሳ ቆጠረ። በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ አወጀ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ድል አድርጎ የተሸነፈ ንጉሥ ማለት ይህ ነው።

የሊቃውንት ጥል፣ የሕዝብ ሞት

የሃይማኖት ሰው ተጽዕኖ ሁልጊዜ በጎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ለማስረዳት የሚቀጥለውን መጥቀስ ግድ ይለኛል። ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ በኋላ ያነሡት ጥያቄ አልተባረረም። ስለ ክርስቶስ መቀባት የተነሣው ክርክር የአገሩን ሊቃውንት ለሁለት መቶ ዓመት ከፈለ። የኤዎስጣቴዎስ ቤት ልጆች በጎጃም ቅብዐት የሚባለውን ትምህርት ያዙ፤ ሌሎቹ ተዋሕዶና ጸጋ በሚባሉ ወገኖች ተሰለፉ። ነገሩ በቅኔ ማኅሌትና በጉባኤ ቢቀር ኖሮ የሊቃውንት ሀብት በሆነ ነበር። ግን እያንዳንዱ ወገን ንጉሥ ፈለገ። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ዳዊት ጊዜ፣ የንጉሡን ወገን አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር ተገደሉ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ክርክሩን በንጉሥ ፍርድ ዘጉት። በዚያው ጊዜም የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ፤ መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ።

ውጤቱስ? ወሎ ዛሬም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው። ቅብዐትም በጎጃም አንዳንድ ቦታዎች ፈጽሞ አልጠፋም። መንግሥት የጉባኤውን በር ሊዘጋ ይችላል፤ ጥያቄውን ግን ሊዘጋው አይችልም።

ሁለት ጳጳሳት

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ኢትዮጵያ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ በ1921 ዓ.ም. የገዛ ልጆቿ ካይሮ ላይ ጵጵስና ተሾሙ። ከእነርሱ መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ይገኛሉ። አቡነ አብርሃም የጎጃም ጳጳስ ሆኑ። ሁለቱ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማዕርግ የተሾሙ ናቸው።

ኢጣሊያ በመጣች ጊዜ መንገዳቸው ተለያየ። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም፣ አርበኛውን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ጨፈጨፈ፤ ኢጣሊያ ራሷ ያመነችው ቁጥር 449 ሲሆን፣ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ጥናት ከ1,400 በላይ እስከ 2,000 ገደማ ያደርሰዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1930 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም በወራሪው ፈቃድ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ሆነው ተሾሙ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። በ1931 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ በመለኪያችን እንያቸው። የጎጃም ሕዝብ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ነበሩ፤ ሹመቱም ማኅተሙም በእጃቸው ነበር። የጎጃም ሕዝብ ግን ጳጳሱን ተከትሎ ለኢጣሊያ አላደረም። በዚያው በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ከዳር እስከ ዳር አመፀ፤ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው በየአውራጃቸው ጠላትን አላስቀምጥ አሉ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሲገቡ የመረጡት መንገድ ይህንኑ ጎጃምን ነው። በየካቲት መጨረሻ ጠላት የቡሬን ምሽግ ለቆ ወጣ፤ በማንኩሳና በደምበጫ መንገድ ሸሸ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በቡሬ መንገድ ላይ የተዋጋው ገበሬ የሄደው በገዛ ጳጳሱ ማኅተም ሳይሆን በሌላ አገረ ስብከት ጳጳስ ሞት ነበር ብል አላጋነንኩም። አቡነ ጴጥሮስ ዛሬ ሐውልት አላቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ጽፎላቸዋል። ማዕርግ ተጽዕኖ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ተገልብጦ በተነገረ ነበር።

ጎጃም ያፈራችው ሌላው ሰው አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ፤ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መንበሩ ተነቃንቋል፦ በ1983 ዓ.ም. አንድ መንግሥት ከሄደ በኋላ አንድ ፓትርያርክ ተሰደዱ፤ ሁለቱ ሲኖዶሶች የታረቁት በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሌላ መከፋፈል አናወጣት። ገዥዎቻችን በቀለም ይለያያሉ፤ መንበሩን እንይዛለን ብለው በማሰብ ግን አንድ ናቸው። መንበሩን የያዘ ሕዝቡን ይይዛል የሚለው ስሌት በአቡነ አብርሃም ጊዜ እንዳልሠራ ማንም አላነበበላቸውም።

ስም የሌላቸው

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ ስም ያላቸው ናቸው። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ብላችሁ ወደ ገጠሩ ስትዘልቁ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ተጽዕኖ ያለው አንድ ሰው ታገኛላችሁ። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ደመወዙ ቁራሽ ነው፤ ስሙም የኔታ ነው።

ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው። ጎንጅና ዋሸራ የቅኔ ቤት ስም የሆኑት በሊቃውንቶቻቸው ነው፤ የጎንጁ ተዋነይም በትውፊት ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የማያውቀው አገር ሄዶ፣ በማያውቀው ሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እየለመነ ይማራል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ማምጣት አለበት። በቃል ያለውን ብቻ እንዲደግም ተደርጎ ያደገ የሚመስለን የአገራችን ልጅ፣ በዚህ ጎጆ ውስጥ ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ተምሯል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የጎጃሙን ባላባት በበዛብህ ዓይን ያሳዩን በከንቱ አይደለም፤ በዛብህ የዚህ ትምህርት ልጅ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስም ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ።

አንድ ጊዜ በቡሬ ገጠር አንድ አዛውንት «አባ፣ ከሃይማኖት አባቶች ሁሉ ትልቁ ማን ይመስልዎታል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የጻድቅ ወይም የፓትርያርክ ስም ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን «እኔን ያስተማረኝ» አሉኝ። ስማቸው ማን ነበር ብላቸው ትንሽ አሰቡና «የኔታ ነበር የምንላቸው፤ ሌላ ስም አልጠየቅናቸውም» አሉ።

ይህን ቤት አላሞግሰውም። ሴት ልጅ በደጁ የምትቆመው በጥቂቱ ነበር። አለንጋው ብዙ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ባለ መሬት በነበረችበት ዘመን ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን «ቡዳ» የሚለውን፣ የቡሬን ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ በርስቱ የማያስጠጋውን ባላገር የገሠጸ መምህር እምብዛም አልነበረም። ተጽዕኖ ያለው ሰው ዝም ያለበትም ጉዳይ ተጽዕኖው ነውና ይህም በሒሳቡ ይግባ።

ሆኖም ይህ ቤት የቆመበትን ነገር እናስተውል። የቆሎ ተማሪ ንብረቱ መንገዱ ነው። የማያውቀው ሰው ቁራሽ ይሰጠኛል፣ የማያውቀው መንደር አንድ ሌሊት ያሳድረኛል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከተሰበረ የቅኔ ቤት በአዋጅ መዘጋት አያስፈልገውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የጎጃም ወጣት በመንገድ ላይ ብቻውን ሲገኝ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ አይደለም፤ «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የአየር ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ በፍኖተ ሰላም ከተማ መካከል ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘግበዋል። የከተማይቱ ስም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው።

ለጥያቄው የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ አገር እጅግ ተጽዕኖ ያሳደሩት የሃይማኖት ሰዎች ንጉሥን ያሳመኑት አይደሉም፤ መንበር የያዙትም አይደሉም። ተሰድደው ያስተማሩት፣ አልገዛም ብለው የሞቱትና ስማቸውን ያልተጠየቁት ናቸው። ንጉሥ ያሳመነው ሥራ በአንድ ትውልድ ፈረሰ፤ መነኩሴው ያስተማረው ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በዳሞት ሜዳ ቆመ። መንግሥትም ሆነ ታጣቂ በጎጃም ሕዝብ ልብ መግባት ከፈለገ የሚመረምረው መንበሩን ሳይሆን ይህን ታሪክ ነው። ሁላችንም ልንጠብቀው የሚገባን ደግሞ የልጁን መንገድ ነው፤ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ የኔታ ቤት በሰላም የሚሄድበትንና በሰላም የሚመለስበትን።